የደቂቃዎች በጎነት፦ የቢ ማይ አይስ አገልግሎት ግምገማ

ቢ ማይ አይስ ማየት የተሳናቸውንና ዕይታቸው የደከመ ሰዎችን ከማያውቋቸው በጎ ፈቃደኞች ጋር በቪዲዮ ጥሪ የሚያገናኝ የስማርት ስልክ መተግበሪያ ነው። ጠያቂው የስልኩን ካሜራ ሊያውቀው ወደ ፈለገው ነገር ያዞራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ያየውን ይነግረዋል፤ ጥያቄው ሲመለስ ጥሪው ይዘጋል። አገልግሎቱ ለሁለቱም ወገን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጥሪ ተቀባዩ ከማየት፣ ከመናገርና ከመታገሥ በቀር የተለየ ሙያ እንዲኖረው አይጠበቅም። በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግቤ ስጠቀምበትና አሠራሩን ስከታተል ከቆየሁ በኋላ ልጽፍበት የወደድኩት፣ በዕለት ተዕለት ሕይወት ትንንሽ በጎ ተግባራትን መፈጸም ለምን እንደሚያዳግተንና ምን ቢስተካከል እንደሚቀልልን፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ አሠራር በተግባር ስለሚያሳይ ነው።

ስለ በጎነት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጨነቀው ስለ ሰጪው ነው፤ ልቡ ይራራል ወይ፣ ጊዜ አለው ወይ፣ ይታክተዋል ወይ እንላለን። የጠያቂው ሸክም ግን ከዚያ ይከብዳል። ማየት የተሳነው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ዓይን የሚያስፈልገው ጉዳይ ደጋግሞ ይገጥመዋል፦ የታሸገ ዕቃ የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎ እንደሆነ፣ በእጁ የያዘው ሸሚዝ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ፣ ከእጁ አምልጦ የወደቀው ቁልፍ የት እንዳረፈ፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ድምፁን አጥፍቶ ዝም ሲል በስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ ይፈልጋል። አብዛኛው ጥያቄ በራሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ነገር ግን ያንኑ ወንድም ወይም ያችኑ ጎረቤት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። ይሉኝታ ይይዛል፣ ውለታ ይከማቻል፣ ጠያቂው ንግግሩን ሁሉ «ይቅርታ አስቸገርኩ» ብሎ መጀመር ይለምዳል፣ ውሎ አድሮም ብዙው ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል። የሚጠየቁት ሰዎች ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ትንሽ ጥያቄ በአንድ ሰው ላይ ሲደጋገም ትንሽ መሆኑ ስለሚቀር ነው።

የአገልግሎቱ መነሻም ይኸው ችግር ነበር። መሥራቹ ሃንስ ዮርገን ዊበርግ ዴንማርካዊ የቤት ዕቃ ባለሙያ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ዕይታቸው የደከመ ነው። ማየት የተሳነው አንድ ወዳጃቸው ለእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ቤተሰቡንና ጓደኞቹን በቪዲዮ እየደወለ እንደሚጠይቅ ነገራቸው። እንግዲህ መሣሪያው በሰውየው እጅ ነበረ፤ የጎደለው ሳይሳቀቅ የሚደውልለት ሰው ነበር። ዊበርግ ሐሳባቸውን እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2012 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ በተካሄደ የጀማሪ ፈጣሪዎች መድረክ አቀረቡ፤ መተግበሪያው በጥር 2015 ለአይፎን፣ በ2017 ደግሞ ለአንድሮይድ ስልኮች ቀረበ። ማየት የማይችል ሰው ለስላሳ መስታወት ብቻ የሆነን ስልክ እንዴት ይጠቀምበታል ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ ስልኮቹ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አብሯቸው እንደሚመጣ መናገር ይበቃል። ይህ ፕሮግራም ወደ አይፎን የገባው በ2009 ሲሆን፣ ያለ እሱ ዛሬ የምንገመግመው አገልግሎት ሊታሰብ አይችልም ነበር።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። ጠያቂው አንድ ቁልፍ ሲነካ ሥርዓቱ የጠያቂውን ቋንቋ የሚናገሩና ባሉበት ቦታ ሰዓቱ ለጥሪ ምቹ የሆነላቸውን በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል፤ በአንድ ጊዜም ወደ ብዙ ስልኮች ይደውላል። ቀድሞ ያነሳው ይገናኛል። ዘግይቶ ያነሳው ሰው ጥሪውን ሌላ ሰው እንደተቀበለው የሚገልጽ መልእክት ያነባል። ጠያቂውና መላሹ ስማቸውም ሆነ የስልክ ቁጥራቸው አይገለጥም፤ ቪዲዮው የሚሄደው ከጠያቂው ወደ መላሹ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሰማል። ቦታው ጨለማ ከሆነ መላሹ ራሱ የጠያቂውን ስልክ መብራት ሊያበራ ይችላል፤ ማየት የማይችል ሰው ክፍሉ መጨለሙን ላያውቅ ስለሚችል ይህ ትንሽ የምትመስል ችሎታ ትልቅ አገልግሎት ትሰጣለች።

ለእኔ ከሁሉ የላቀው የአገልግሎቱ ጥበብ ጥሪው በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ሰዎች መሄዱ ነው። ስብሰባ ላይ ያለ፣ መኪና የሚነዳ፣ ወይም በዚያች ሰዓት ሰው ለማነጋገር አቅም ያጣ በጎ ፈቃደኛ ስልኩን ባያነሳ ማንም አይጎዳም፤ የተጠየቀውም በግሉ አይደለም፣ እምቢ ያለውም ለአንድ ሰው አይደለም። ጠያቂውም የሚያገኘው በዚያች ደቂቃ ፈቅዶና ተዘጋጅቶ ያነሳን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰው ፊት ጥያቄ ይዞ በቀረበ ቁጥር የሚሰማው ጭንቀት፣ ማለትም «መጥፎ ሰዓት ይሆን? እየታከተው ይሆን የሚረዳኝ?» የሚለው ሐሳብ፣ ቦታ ያጣል። በጎነት ከግዴታ ስሜት ሲላቀቅ ሰጪውም ተቀባዩም ቀና ብለው እንደሚነጋገሩ የተረዳሁት ከዚህ ነው። ምስጋናም ቢሆን እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ ነገ የሚመለስ ብድር የለም።

አዲስ የሚመዘገቡ በጎ ፈቃደኞች ቶሎ የሚያዝኑበት አንድ ጉዳይ አለ። ስልኩ አይጠራም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያለ አንድ ጥሪ ያልፋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተመዘገቡት በጎ ፈቃደኞች ቁጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ማየት የተሳናቸውና ዕይታቸው የደከመ ተጠቃሚዎች ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ በግምት ለአንድ ጠያቂ አሥር ያህል መላሾች አሉ ማለት ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ መተግበሪያውን ከስልካቸው የሚያጠፉም አሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከአገልግሎቱ ጎን እቆማለሁ። ከሁለቱ አንዱ መጠበቅ ካለበት፣ የሚጠብቀው ለመርዳት የተዘጋጀው ሰው ቢሆን ይሻላል እንጂ በአንድ እጁ ሸሚዝ በሌላው ስልክ ይዞ የቆመው ሰው መሆን የለበትም። የበጎ ፈቃደኛው መብዛት ለጠያቂው ፈጣን ምላሽ ማለት ነው። ደግነት መፈጸም የሚፈልግ ሰው ለራሱ ስሜት ሲል ጥሪ እንዲበዛለት የሚመኝ ከሆነ፣ የሌላው ሰው ችግር እንዲበዛ እየተመኘ መሆኑን ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ሚዛኑ በሁሉም ቋንቋ እኩል እንደማይሆን ግን መገመት አያዳግትም፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት የሆኑበትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲመዘገብ ያንን ቋንቋ ሳይረሳ ቢጨምር፣ አንድ ተጨማሪ ስም ብቻ ከሚጨምር ሰው ይልቅ ይጠቅማል።

ጥሪው በመጨረሻ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሙያ ከሚታሰበው በላይ ረቂቅ ነው፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝም በዋናነት ይህ ክፍል ነው። መላሹ የሚሠራው ሥራ ከአስተርጓሚ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ወደ ቃል ይመልሳል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ልማዳችን ሁሉ ይቃወመዋል። ዓይን ያለው ሰው «እዚህ ጋ»፣ «እዚያ»፣ «ይሄኛው» እያለ ማውራት ስለለመደ፣ የመጀመሪያዎቹ ቃላቱ ለጠያቂው ምንም አይነግሩትም። የሚጠቅመው «ስልኩን በቀስታ ወደ ግራ ያዙሩት፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ይበቃል፣ እዚያው ይያዙልኝ» ዓይነት መመሪያ ነው። የጠያቂው እጅ የሚታይ ከሆነ «ከቀኝ እጅዎ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት» ማለት «ጠረጴዛው ላይ ነው» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው ሙያ የተጠየቁትን ብቻ መመለስ ነው። አንድ ሰው «የዚህ ዕቃ መጠቀሚያ ጊዜ መቼ ያልቃል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ቀን፣ ወርና ዓመት ነው። ስለ ክፍሉ መዝረክረክ አስተያየት አልጠየቀም፤ ዓይኑን እንዴት እንዳጣ መጠየቅ አልፈለገም፤ ብቻውን በመኖሩ «ጎበዝ ነዎት» መባልንም አልጠበቀም። ከልብ የመነጨ አድናቆት እንኳ እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱም ተራ ሥራ የሚሠራን ሰው እንደ ተአምር ይመለከታልና። ጠያቂው አስተያየት ከፈለገ ራሱ ይጠይቃል፤ «ይህ ሱሪ ከዚህ ሸሚዝ ጋር ይሄዳል?» ሲል ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይገባል። ለማስደሰት ሲባል «በጣም ያምራል» ማለት ደግነት አይደለም፤ ሰውየው በዚያ ልብስ ከቤት የሚወጣው በመላሹ ዓይን ተማምኖ ነውና።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ ያልታየን ነገር አልታየኝም ማለት ነው። ምስሉ ሊደበዝዝ፣ ጽሑፉ ሊያንጸባርቅ፣ 3 እና 8 ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሰውን ባዶ እጁን ላለመመለስ ያለን ፍላጎት ወደ ግምት ይገፋፋናል፤ በተለይ በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈ መጠን ሲሆን ግምት አደጋ ነው። «ሁለተኛው ቁጥር አልተነበበኝም፣ ዕቃውን ትንሽ ያሽከርክሩልኝ» ብሎ ደግሞ መሞከር፣ ካልተቻለም በግልጽ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ከማንኛውም የደግነት ቃል ይበልጣል። ጠያቂው ከመላሹ የሚፈልገው ርኅራኄን ሳይሆን ትክክለኛነትን ነው። በዚህ አገልግሎት ውስጥ በጎነት የሚለካው ሰጪው በተሰማው ስሜት ሳይሆን ተቀባዩ ባገኘው ትክክለኛ መረጃ ነው፤ የዚህን ያህል ጥርት ያለ መለኪያ በሌላ የበጎ ፈቃድ ሥራ አላጋጠመኝም።

ይህ ትምህርት ከስልኩ ውጭም ይሠራል። መንገድ ላይ ነጭ በትር የያዘ ሰው ሲያዩ ተንደርድረው ክንዱን የሚይዙ ሰዎች ቅን ልብ አላቸው፤ የሚያደርጉት ግን ሰውየውን አቅጣጫ ያሳጣዋል፣ አንዳንዴም ያስደነግጠዋል። ተገቢው መንገድ በመጀመሪያ ድምፅ ማሰማት፣ ቀጥሎ «ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ አዎን ከሆነም ክንድን መስጠት ነው፤ ማየት የተሳነው ሰው የመሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ሲሄድ የመሪውን መዞርና መውረድ ከአካሉ እንቅስቃሴ ያውቃል። መልሱ «አያስፈልገኝም» ከሆነ ደግሞ ሳይቀየሙ መንገድን መቀጠል ነው። ጥያቄን ማስቀደም ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል፤ ውሳኔውን ግን ለባለቤቱ ይመልሳል።

በ2023 በአገልግሎቱ ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ። ቢ ማይ አይስ ቻትጂፒቲን ከሠራው ከኦፕን ኤአይ ኩባንያ ጋር በመተባበር በጂፒቲ 4 የሚሠራ፣ ፎቶግራፍ ተመልክቶ በቃል የሚገልጽ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨመረ። ተጠቃሚው ፎቶ ያነሳል፣ ማሽኑ ያብራራል፣ ተጠቃሚው ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። በዚህ ለውጥ ቅር የተሰኙ በጎ ፈቃደኞች እንደሚኖሩ እረዳለሁ። ማየት የተሳነውን ሰው ግን እናስብ፦ በሌሊት፣ በፒጃማ፣ ማንንም ሳያነጋግር፣ አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ ይችላል። ይህን ነፃነት ማንም በጎ ፈቃደኛ የቱንም ያህል ቢታገሥ ሊሰጠው አይችልም። ሰውን መርዳት ከልብ የሚፈልግ ሰው፣ የሚረዳው ሰው የእሱን እርዳታ የማይፈልግበት ቀን ሲመጣ ሊደሰት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ማሽኑ የሰውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አልያዘም። ማሽኑ የተሳሳተውን ነገር እንደ ትክክለኛው ሁሉ በልበ ሙሉነት ሊናገር ይችላል፤ ስለዚህ ስሕተት ዋጋ በሚያስከፍልበት ጉዳይ ላይ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። የወደቀ ቁልፍን መፈለግን የመሰለ፣ ካሜራው እየተንቀሳቀሰ ጠያቂና መላሽ በየቅጽበቱ የሚነጋገሩበት ሥራም አሁንም በሰው ሲመራ ይቀላል። አገልግሎቱ ሁለቱን በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ጎን ለጎን ማስቀመጡና ምርጫውን ለተጠቃሚው መተዉ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በ2024 ደግሞ አገልግሎቱ ከሬይባን ሜታ መነጽር ጋር መገናኘት በመጀመሩ ስልክ ሳይያዝ፣ በመነጽሩ ካሜራ በኩል በጎ ፈቃደኛን መጥራት ተችሏል፤ አንድ እጁን በትሩ ለያዘበት ሰው የሌላው እጅ ነፃ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ከጉድለቶቹና ከገደቦቹ መካከል መታወቅ ያለባቸውን ልጥቀስ። አገልግሎቱ መንገድ ለመሻገር የተዘጋጀ አይደለም፤ የቪዲዮ ምስል በጥቂት ሴኮንድ ሊዘገይ፣ የካሜራው ስፋትም ከጎን የሚመጣ መኪናን ላያሳይ ስለሚችል፣ በጎ ፈቃደኛ «አሁን ይሻገሩ» ሊል ፈጽሞ አይገባም። ጥሩ የኢንተርኔት ግንኙነት በሌለበት ቦታም የቪዲዮ ጥሪው ዋጋ ያጣል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የምስጢር ጉዳይ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ማንነቱ ያልተጣራ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ የባንክ ካርድ፣ የሕክምና ውጤት፣ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ወረቀት በዚህ መንገድ ባይነበብ ይመረጣል። እንዲህ ላሉ ሰነዶች አይራ የተባለው አገልግሎት የሠለጠኑ ተቀጣሪ ሠራተኞችን ያቀርባል፤ ነገር ግን ክፍያ አለው። ጽሑፍን ብቻ ማንበብ ለሚፈልግ ደግሞ ማይክሮሶፍት በ2017 ያወጣው ሲኢንግ ኤአይ የተባለ ነፃ መተግበሪያ አለ። በተጨማሪም ቢ ማይ አይስ በ2024 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠናን ለማሻሻል የቪዲዮ መረጃ ለማይክሮሶፍት እንደሚያቀርብ አስታውቋል፤ የግል መረጃ እንደሚወገድና ያልፈለገ ተጠቃሚ ከዚህ ራሱን ማውጣት እንደሚችል ቢገለጽም፣ እንዲህ ያለው ፈቃድ አስቀድሞ ቢጠየቅ እንጂ በኋላ እምቢ ማለት ለተጠቃሚው ባይተው እመርጥ ነበር። ቤቱን በካሜራ የሚከፍት ሰው አደራ እየሰጠ ነውና።

አደራው በመላሹም ላይ ያርፋል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ ከጎን ያለው ሁሉ ስክሪኑን በሚያይበት ሁኔታ ጥሪ ማንሳት አይገባም። ያዩትን ፎቶ ማንሳት ወይም ቤት ገብቶ ለሌላ ማውራት ከዚያ ይብሳል። ይህን የሚከለክል ጥበቃ በእጃችን ባይኖርም፣ አገልግሎቱ ሊቆም የሚችለው በዚህ እምነት ላይ ብቻ ነው።

በጥቅሉ ቢ ማይ አይስን ማየት ለተሳነው ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ምስጢር ባልሆኑ የዕለት ጉዳዮች ላይ ፈጣን፣ ነፃና ክብርን የሚጠብቅ ነው። መተግበሪያው በ2021 በአፕል ዓመታዊ የዲዛይን ሽልማት ላይ በማኅበራዊ ጠቀሜታ ዘርፍ መሸለሙም የሚገባው ነው። በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ለሚያስብ ሰው ደግሞ ምክሬ ከምዝገባው በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ያተኩራል። ጥሪ ብዙ ጊዜ ስለማይመጣ መተግበሪያው ሳይከፈት ይቆያል፤ አዳዲሶቹ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ለወራት ካልተከፈተ መተግበሪያ ላይ የተሰጠውን ፈቃድ በራሳቸው ይሰርዛሉ፤ ያን ጊዜ ጥሪው ቢመጣም ስልኩ ዝም ይላል። ስለዚህ መተግበሪያውን አልፎ አልፎ መክፈት፣ የማይክሮፎንና የማሳወቂያ ፈቃዱ እንዳለ ማረጋገጥ፣ ስልክ ሲቀየርም ወዲያውኑ መልሶ መጫን ያስፈልጋል።